የማያ ሕዝብ ታሪክና አንድ የሲኒማ ፊልም

በ2006 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ የሚነገረው እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ሜል ጊብሰን የተባለው የሲኒማ ባለሙያ «አፖካሊፕቶ» የሚባለውን ፊልም ለዓለም አቀረበ። ታሪኩ በሜክሲኮና በጓቲማላ አካባቢ ስለሚኖሩት የማያ ሕዝቦች ነው። በደን ውስጥ የሚኖር አንድ ወጣት አዳኝ መንደሩን ወራሪዎች ያቃጥሉበታል፤ ርጉዝ ሚስቱንና ሕፃን ልጁን በጕድጓድ ሸሽጎ ራሱ ይማረካል፤ ወደ ታላቅ ከተማ ተነድቶም ሰውነቱን ሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ለመሥዋዕት ይቀርባል። ተራው በደረሰ ጊዜ ፀሐይ ትጨልማለች፤ እርሱም ከቢላዋው ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫና ደም ነው። በመጨረሻ አሳዳጆቹ ሊይዙት ሲቃረቡ የእስፓኝ መርከቦች ከባሕሩ ዳር ቆመው ይታያሉ።

ስለዚህ ፊልም የሚሰጠው አስተያየት በሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን፥ ተዋናዮቹ በአብዛኛው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች መሆናቸውን፣ ንግግሩም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዩካታን ማያ ቋንቋ መሆኑን እያነሣ ያመሰግናል። በእርግጥም ይህን ያህል ገንዘብ ወጥቶበት በዚያ ቋንቋ የተሠራ ፊልም ከዚያ በፊት አልነበረም። ሁለተኛው ወገን፥ ከተማ የቈረቈረውንና ፊደል የፈጠረውን ሕዝብ አራጅ ብቻ አድርጎ አሳየ ብሎ ይቈጣል። እኛም የሁለቱን ቃል ከሰማን በኋላ ነገሩን በታሪክ ሚዛን ልንመዝነው ወደድን።

አስቀድመን ለፊልሙ የሚገባውን እንስጠው። ደሙ ፈጠራ አይደለም። በ1946 ዓ.ም. ለሊቃውንት በተገለጠው በቦናምፓክ ሕንፃ ግድግዳ ላይ፥ በ8ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሣሉ ምርኮኞች ከጣቶቻቸው ደም እየፈሰሰ በድል አድራጊው ንጉሥ እግር ሥር ተቀምጠው ይታያሉ። በቺቼን ኢትሳ ካለው ጥልቅ የውሃ ጕድጓድም የሕፃናት ሳይቀር የሰው ዐፅም ወጥቷል። ማያዎች ጦርነት ሳያውቁ ከዋክብትን ብቻ እየቈጠሩ ይኖሩ ነበር የሚለውን የቀድሞ ሊቃውንት አሳብ ዛሬ የሚቀበለው የለም።

ዳሩ ግን በተለይ ይታደን የነበረው ማን ነው? በ738 ዓ.ም. የትንሿ የኪሪጓ ገዥ፥ የበላዩ የነበረውን የኮፓንን ንጉሥ ማርኮ አንገቱን አስቈረጠ፤ ድሉንም በድንጋይ ላይ አስጻፈ። ትልቅ ክብር የሚያስገኘው የንጉሥና የመኳንንት ምርኮ ነበር። የመንደር ሰው እየነዱ ማምጣት፣ በአንድ ቀን በተርታ ማረድ፣ ሬሳውንም በሜዳ መከመር በማያ ከተሞች ምልክቱ የተገኘ ነገር አይደለም። ብዛት ያለው መሥዋዕት የሚነገረው በቴኖችቲትላን ስለነበሩት ስለ አዝቴኮች ነው። ፊልሙ የአንዱን ጎረቤት ልማድ አንሥቶ ለሌላው አልብሶታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን የዘመን ስሕተት ነው። በከተማው ውስጥ ሠራተኞች ኖራ ሲያቃጥሉ፣ ዙሪያው ያለው ደንም ተመንጥሮ ሲያልቅ እናያለን። ይህ አሳብ የመጣው የፊልሙ አማካሪ ከነበሩት ከሪቻርድ ሀንሰን ነው፤ እርሳቸው የመረመሯት ኤል ሚራዶር ግን ሕዝቧ የተበተነው በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ ነው። እንደ ቲካልና ፓሌንኬ ያሉት ከተሞች ባዶ መሆን የጀመሩት ከዚያ 600 ዓመት ያህል ዘግይቶ፥ በድርቅና በማያቋርጥ ጦርነት ጊዜ ነው። የእስፓኝ ሰዎች ወደ ዩካታን ጦር ይዘው የመጡት ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት ነው። እንግዲህ ከ1,300 ዓመት የማያንስ ታሪክ ጥቂት ቀናት በማይሞላ ሩጫ ውስጥ ተጨምቋል ማለት ነው።

ሲኒማ ዘመን ቢያሳጥር ምን አለበት የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጕዳቱ እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ የሚከፈተው፥ ታላቅ ሥልጣኔ አስቀድሞ በገዛ እጁ ካልፈረሰ በቀር ከውጭ በመጣ ጠላት አይሸነፍም በሚል የዊል ዱራንት አሳብ ነው። ፍርስራሹና መርከቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ሲቆሙ፥ ወራሪው የመጣው የሞተውን ሊቀብር ብቻ ይመስላል። የተደረገው ግን እንዲህ አይደለም። ሞንቴኾ የዩካታንን ወረራ የጀመረው በ1527 ዓ.ም. ነው፤ ሜሪዳ የተቈረቈረችው ሁለት ጊዜ ተሸንፎ ከወጣ በኋላ በልጁ እጅ፥ በ1542 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻዋ ነጻ የማያ መንግሥት ከተማ ኖኽፔቴን በጦር የተያዘችው በ1697 ዓ.ም. ነው። የሞተ ሕዝብ 170 ዓመት አይዋጋም።

ስለ ፀሐይ መጨለም የሚታየውም እንዲሁ ነው። ካህኑ ምሥጢሩን ያወቀ ይመስላል፤ ዕውቀቱ ግን ሕዝብን ማታለያ ብቻ ሆኖ ቀርቧል። በጀርመን አገር በድሬስደን ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው የማያ መጽሐፍ የግርዶሽ ሠንጠረዥ አለው፤ 405 የጨረቃ ወራትን በ11,960 ቀናት ያስባል። የዛሬው ስሌት ከዚህ የሚለየው የአንድ ቀን ዐሥረኛ በሚያህል ብቻ ነው! ይህን ለማግኘት ስንት ትውልድ ሌሊት ሰማይ ሲመለከት፣ ጧት ሲጽፍ እንደኖረ አንባቢው ራሱ ይገምት።

ስለ መጨረሻው ትርኢት ክርክሩ አልበረደም። አንዳንዶች መስቀል የያዙት መርከበኞች አዳኝ ሆነው ቀርበዋል ይላሉ። ለእውነት እንናገር ካልን፥ ወጣቱ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጀርባውን ለመርከቦቹ ሰጥቶ ወደ ደኑ ይገባል፤ ስለዚህ ፊልሙ ወራሪዎችን ያመሰግናል ማለት ከልክ ያለፈ ነው። ነገር ግን የማያ ታሪክ እዚያው ባሕር ዳር ያለቀ አስመስሎታል። ዛሬ በጓቲማላ ብቻ ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በዚያች አገር ከ1960 እስከ 1996 ዓ.ም. በቆየው የእርስ በርስ ጦርነት ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደ ሞቱና እንደ ጠፉ፣ ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎችም ከመቶው 83ቱ ማያ እንደ ነበሩ አጣሪው ኮሚሲዮን በ1999 ዓ.ም. ገልጧል። «አረመኔ» የሚለው ስም በዚያ ምድር ምን እንደሚያስከትል የሚያውቅ ሰው ፊልሙን በቀላሉ አይመለከተውም። የጓቲማላ ሰዎች ያቀረቡትን ወቀሳ ያከበድነውም ስለዚህ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። በ1562 ዓ.ም. ዲዬጎ ደ ላንዳ የተባለው መነኵሴ በማኒ ከተማ የማያዎችን መጻሕፍት ሰብስቦ አቃጠለ። ስለ ሕዝቡ ልማድ ብዙ ነገር የምናውቀው ደግሞ፥ ያው ሰው ኋላ ከጻፈው መጽሐፍ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የሶቪየቱ ሊቅ ዩሪ ክኖሮዞቭ የማያን ጽሕፈት የማንበቢያ መንገድ ያገኘውም ላንዳ መዝግቦ በተወው የፊደል ዝርዝር ረዳትነት ነው። ከእሳትና ከእርጥበት ያመለጡት የታወቁ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው። አንዱ በሜክሲኮ ከተማ ይገኛል፤ የቀሩት በድሬስደን፣ በማድሪድና በፓሪስ ናቸው። አንድ የዩካታን ተማሪ ያን የግርዶሽ ሠንጠረዥ በዐይኑ ሊያይ ቢፈልግ ውቅያኖስ መሻገር አለበት።