«ሠላሳ ሠላሳ» ጥይትና የአሜሪካ የደን አዳኞች ምርጫ

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ደኖች አጋዘን የሚያድን ሰው ጠመንጃውን ምን ዐይነት ጥይት ያጕርሰው የሚለው ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የመሣሪያ ነጋዴዎች ጕዳይ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ክርክሩ ከመቶ ዓመት በላይ የቈየ ስለሆነ፥ በውስጡም የደኑ ጠባይ፥ የአውሬው አካል፥ የአዳኙ ኪስና የሕግ እጅ ሁሉ ስለሚገኙበት፥ የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ሰው ችላ ሊለው አይገባም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ አውሬው ጥቂት እንበል። በአማርኛ «አጋዘን» ስንል ቀንዱ የማይወልቅ፥ ከድኵላ ጋራ የሚዛመደውን የአገራችንን አውሬ ማለታችን ነው። ባለ ነጭ ጅራት የተባለው የአሜሪካው አውሬ ግን ወንዱ ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ እንደ ገና የሚያበቅል ነው፤ ከዚህም ወገን አንድ ስንኳ በኢትዮጵያ ዱር አይገኝም። የተለመደ ሌላ ቃል ስለሌለን በዚሁ ስም እንጠራዋለን። የደረሰው ወንድ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 100 ኪሎ ይመዝናል፤ ልቡና ሳንባው ያሉበት፥ ጥይት ሲያገኘው ፈጥኖ የሚሞትበት ስፍራ ግን ስፋቱ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው። ከዚህች ስንዝር ውጭ የተመታ አጋዘን ደሙን እያንጠባጠበ ከጫካ ይገባል፤ አዳኙም ፍለጋውን ካጣው ማንም ሳያየው ሲሠቃይ ቈይቶ ይሞታል። የጥይት ምርጫ ከባድ ነገር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ጠመንጃ ስለሚያምር አይደለም።

እስከ 1890ዎቹ ዓመታት ድረስ አዳኙ የሚያውቀው ጥቍሩን ባሩድ ብቻ ነበር። የአሜሪካ ጦር በ1873 የያዘው «45-70» የተባለው ጥይት 26 ግራም የሚመዝን እርሳስ በሴኮንድ 400 ሜትር ያህል ይወረውር ነበር። የአገራችንን የጦር መሣሪያ ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ከውጅግራ ጋራ ማመዛዘን ይችላል፤ ስሙን «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይ ቃል ያገኘው የ1874ቱ ጠመንጃ 25 ግራም እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ያህል ይተኵስ ነበርና፥ ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። (ጥይት በኢትዮጵያ ገበያ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ሲመነዘር ኖሯል፤ በ18ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ጠረፍ ደግሞ ዋጋ የሚቈጠረው በአጋዘን ቈዳ ነበር። እዚያ የታዳኙ ቈዳ፥ እዚህ የአዳኙ ጥይት ገንዘብ መሆኑ ራሱን የቻለ ጥናት የሚገባው ነገር ነው።)

የእነዚህ ጥይቶች ጕድለት ኀይል ማነስ አልነበረም። አጋዘን ለመግደልማ ከበቂ በላይ ነበሩ። ጕድለታቸው ዝግታቸው ነው፤ በመቶ ሜትር የተስተካከለ «45-70» በሁለት መቶ ሜትር ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ ርቀቱን በመገመት ጥቂት የተሳሳተ ሰው ስንዝሯን ይስታታል። በዚያም ላይ ጢሱ ዐይን ይጋርዳል፤ ሰደፉም ትከሻን ይረግጣል።

ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ በ1884 ጢስ የለሹን ባሩድ ከሠራ በኋላ፥ ፈረንሳዮች በ1886 ለበል የተባለውን ጠመንጃቸውን በዚሁ ባሩድ አበጁ። አዲሱ ነገር ወደ አሜሪካ አዳኝ እጅ የገባው በ1895 ነው። ዊንቸስተር የተባለው ፋብሪካ ጆን ብራውኒንግ የነደፈውን፥ በዘንግ የሚቀባበለውን የ1894 ጠመንጃ በኒኬል ብረት አፈሙዝ አጠንክሮ፥ 10 ግራም የሚያህል ዐረር በሴኮንድ 600 ሜትር ያህል የሚሰድ ጥይት አወጣለት። ማርሊን የተባለው ተወዳዳሪው ጥይቱን ወዶ የባላንጣውን ስም በጠመንጃው ላይ መቅረጽ ስላልፈቀደ፥ ከወርዱና ከባሩዱ ልክ «30-30» የሚል ስም ወጣለት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ።

ይህ ጥይት ከዚያ በኋላ ከመጡት ብዙዎች ይልቅ ደካማ ሆኖ ሳለ ስለ ምን ተመረጠ? መልሱ በደኑ ውስጥ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ዛፍ መካከል ዐይን ከመቶ ሜትር በላይ የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ርቀት የኋላው ባለ 11 ግራም ዐረር፥ በሴኮንድ 670 ሜትር እየተወረወረ፥ የአጋዘኑን ደረት ለመብሳት ሞልቶ ይተርፈዋል። ጠመንጃው ቀላልና አጭር ነው፤ ጥይቱም በገጠር ሱቅ ሁሉ ይገኝ ነበር። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጕድለት የመሰለው ነገር ነው። በዚህ ጠመንጃ ጥይቶቹ ከአፈሙዙ በታች ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ በሌላው ኋላ ይደረደራሉና፥ የኋላኛው ጫፍ ሹል የሆነ እንደ ሆነ የፊተኛውን መለኰሻ ወግቶ ሊያፈነዳው ይችላል፤ ስለዚህ የዐረሩ ጫፍ ድልዱም ሆነ። ድልዱም ዐረር በአየር ውስጥ ፈጥኖ ይደክማል፤ በመቶ ሜትር ቢስተካከል በሁለት መቶ ሜትር አንድ ስንዝር ያህል ይወርዳል። እንግዲህ ጠመንጃው ራሱ አዳኙን «ቅረብ» ይለው ነበር።

በ1906 የአሜሪካ ጦር «30-06» የተባለውን ባለ ሹል ዐረር ጥይት ተቀበለ። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ወታደር በጦር ሜዳ የለመደውን ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ለአደንም ፈለገው። በ1925 ደግሞ በሴኮንድ ከ900 ሜትር በላይ የሚፈጥነው «270» መጣ፤ ጃክ ኦኮነር የተባለው ጸሓፊም በአደን መጽሔት ዓመታት ሙሉ አመሰገነው። ምስጋናው ለምዕራቡ ገላጣ ተራራ እውነት ነበር፤ በዚያ ሁለትና ሦስት መቶ ሜትር የተለመደ ርቀት ነውና። ለደን አዳኝ ግን ያው ፍጥነት በቅርብ ሲተኰስ ስስ ልባስ ያለውን ዐረር በትከሻ ዐጥንት ላይ ይበታትነዋል፤ ብዙ ሥጋም ያበላሻል። የምሥራቁ ገበሬ የአባቱን ጠመንጃ አልጥልም ማለቱን አንዳንዶች እንደ ግትርነት ቈጥረውታል፤ እኔ ግን ልኩን ማወቅ እለዋለሁ። የ1894ቱ ጠመንጃ በኒው ሄቨን መሠራቱ በ2006 እስኪቋረጥ ድረስ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

የአጋዘኑም ዕድል በዚሁ ዘመን ተለዋውጧል። ለገበያ ከሚደረገው አደን የተነሣ በ1900 አካባቢ በአሜሪካ የቀሩት ባለ ነጭ ጅራቶች ግማሽ ሚሊዮን ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ይገመታል፤ ዛሬ ሠላሳ ሚሊዮን ገደማ ይባላሉ። ይህን ያመጣው ጥይት ሳይሆን የአደን ወራትን የወሰነውና የዱር ሥጋ ንግድን የከለከለው ሕግ ነው።

ሕግ በጥይቱም ምርጫ ገብቷል። ሜዳማና ሰው የበዛባቸው የእርሻ አገሮች ሩቅ የሚሄድ ዐረር መንደር እንዳይመታ በመፍራት ለአጋዘን አደን ለረጅም ጊዜ ጠመንጃን ከልክለው፥ አንድ ወፍራም እርሳስ የሚተኵሰውን የወፍ መሣሪያ ብቻ ፈቅደው ነበር። ኦሃዮ በ2014፥ አይዋ በ2017 ቀለሁ እንደ ቱቦ ቀጥ ያለ ጥይት ፈቀዱ። ዊንቸስተርም ለእነዚህ አገሮች በ2019 «350 ሌጀንድ» የተባለውን አወጣ፤ ይህም 9.7 ግራም ዐረር በሴኮንድ 710 ሜትር ያህል ይሰዳል። የዛሬው «30-30» ያንኑ ክብደት በሴኮንድ 730 ሜትር ገደማ ይሰዳል፤ ሆኖም የቀለሁ አንገት ቀጠን ያለ ስለሆነ፥ ሥራውን የሚሠራለት አዲሱ ጥይት በተፈቀደበት በዚያው ሜዳ እርሱ አይፈቀድም።