ባቡሩ የቆመባቸውና ያለፋቸው

የአዲስ አበባ ታክሲ ረዳት «ለገሃር! ለገሃር!» እያለ ሲጣራ ፈረንሳይኛ እየተናገረ መሆኑን ልብ አይለውም። «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ቃሉ ከባቡሩ ጋር መጣ፤ በሕዝቡ አፍ ተሟሸና የሰፈር ስም ሆነ። ዕቃ የሚጫንበት «ፉርጎ»ም የዚያው የፈረንሳይኛ ዘር ነው። ዛሬ ከለገሃር የድሮው ባቡር አይነሳም፤ ስሙ ሳይነሳ የሚውልበት ቀን ግን የለም።

የምድር ባቡራችን ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ስለ ውሉ፣ ስለ ነገሥታቱና ስለ ኩባንያዎቹ ነው። እኛ ግን ለዛሬ ጣቢያዎቹ ላይ እንውረድ። ተሳፋሪው ከባቡር ወርዶ በቅሎ የጫነው፣ ግመል የተከራየው፣ በኋላም መኪና የተሳፈረው እዚያ ነው። የብዙ ከተሞቻችን ዕድል የተቆረጠውም እዚያው ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ ለ99 ዓመት የሚጸና ነበር። መስመሩ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ በኩል ወደ ነጭ ዓባይ እንዲዘልቅ ታስቦ ነበር። እንግዲህ በወረቀቱ ላይ የአገሪቱ የመጀመሪያ ታላቅ ጣቢያ ሐረር ነበረች ማለት ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ ወደ ውስጥ ሲገፋ ግን ተራራው ከፊት ተደቀነ። ሐዲዱን ወደ ሐረር ደጋ ለማውጣት የሚጠይቀው ወጪ ከኩባንያው አቅም በላይ ሆነ። ስለዚህ በተራራው ግርጌ፣ በቆላው ሜዳ በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ስሙ ግን አልጸናም። ድሬዳዋ የሚለው አሸነፈ።

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ቆመ። ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያም በመስመሩ ላይ ይሻኮቱ ጀመር። ሌላ ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራው እንዲቀጥል የተደረሰበት ስምምነት የተፈረመው በ1900 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ከባሕር የመጣ ዕቃ ሁሉ ድሬዳዋ ላይ ይራገፋል፤ ከዚያ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣል፣ ወይም የሳምንታት ጉዞ ተጉዞ አዲስ አበባ ይገባል። ሲራገፍ ሸክም አለ፤ ሲጫን ግመል ነጂ አለ፤ በመካከሉ መጋዘን፣ ማደሪያ፣ ገበያ፣ ቀረጥ አለ። የኩባንያው የችግር ዘመን ለድሬዳዋ የእርሾ ዘመን ሆነላት። በደቻቱ አንድ ወገን የባቡሩ ሰዎች ቀጥ ባሉ መንገዶች ከዚራን ሠሩ፤ በማዶ የነጋዴው መጋላ ደራ። ሐረርን ያህል ጥንታዊት የንግድ ከተማ ግን ዕቃዋን ለመቀበል ቁልቁል ወደ ትናንት ልጅ መውረድ ግድ ሆነባት። ከባቡሩ ጋር የሚያገናኛት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የተራራ መንገድ ነበር።

ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መላው መስመር 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ አሥርተ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት አይሄድም ነበርና ጉዞው ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር። መንገደኛው አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሌላውን አዋሽ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከገደሉ አፋፍ አጠገብ መንደር ሆኖ የበቀለው በዚህ ምክንያት ነው። ከጣቢያው አጠገብ ያለው ቡፌም ለአዳሪው መንገደኛ እራትና አልጋ ነበር።

ሌሎቹም ጣቢያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጓዳ ይዘው ነበር። ሚኤሶ ለጨርጨር ደጋና ለቡናው በር ነበረች። አዳማ ወደ አርሲ፣ ሞጆ ወደ ሲዳሞ ለሚሄደው መንገድ መገንጠያ ሆኑ። ኤረርና አፍደም የመሳሰሉት ትንንሾቹ ደግሞ በባቡሩ ሰዓት የሚኖሩ ነበሩ። ባቡሩ ሲቆም መስኮቱ ሥር ገበያ ይቆማል፤ ሲነሳ ገበያውም ይበተናል። በእንፋሎት ለሚሠራው ባቡር ውኃ ያስፈልገው ነበርና፣ ውኃ ያለበት ቦታ ሁሉ ጣቢያ የመሆን ተስፋ ነበረው። በ1940ዎቹ የናፍጣው ባቡር ሲመጣ ይህ የውኃ ጥያቄ ቀረ፤ ከአንዳንድ ጣቢያዎች የመኖር ምክንያት አንዱም አብሮ ቀረ።

በኅዳር 1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ሕንፃ የከተማዋ ዋና በር ነበር። የውጭ እንግዳ በዚያ ይገባል፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ወደ ስደት የሄዱት በዚሁ ባቡር ነው። ከፊቱ የቆመው የይሁዳ አንበሳ እንኳ በወራሪው ተነቅሎ ሮም ተወስዶ፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ቦታው ተመልሷል።

ከዚያ በኋላ ያለው የመድከም ታሪክ ነው። የአሰብ መንገድና የጭነት መኪና ዕቃውን ወሰዱበት። በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ወረራ ድልድዮቹ ፈረሱ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ፣ ድልድይ ያለበት መታጠፊያ ላይ ባቡሩ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች አለቁ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ተቋረጠ።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ሦስት ቀን የነበረው ጉዞ ዛሬ በአንድ ቀን ያልቃል፤ ይህን ማቃለል አይገባም። ጣቢያዎቹ ግን ከከተሞቹ ወጣ ብለው ተሠርተዋል። የአዲስ አበባው በለቡ አቅጣጫ ነው፤ የድሬዳዋውም ከከዚራ ርቋል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በበኩሉ ፌርማታ የተሠራለት ለገሃር ላይ ነው። የከተማው ባቡር የሩቅ አገር ባቡር ወደማይነሳበት ጣቢያ ያደርሳል፤ ወደሚነሳበት ግን አያደርስም።

ድሬዳዋን የፈጠራት ሰው ከባቡር ወርዶ ወደ ሌላ መጓጓዣ የሚሸጋገርባት ቦታ መሆኗ ነው። ሐረርን የጎዳት ደግሞ ሐዲዱ ግርጌዋን ይዞ ማለፉ ነበር። ያኔ ምክንያቱ ተራራ ነው ተባለ፤ ሰውም ተራራውን አይቶ ዝም አለ። በለገሃርና በለቡ መካከል ግን ተራራ የለም። ሻንጣውን ተሸክሞ በሌሊት ታክሲ የሚፈልገው መንገደኛ ይህን ከማንም ይበልጥ ያውቃል።