ተሰናብቶ የተመለሰው ቢስክሌተኛና ባልደረቦቹ

ንብ አርቢ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በአንድ ቀፎ ውስጥ ሁለት አውራ የተገኘ እንደ ሆነ ንቡ ከሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ ከአዲሱ ጋራ ሲቀር ግማሹ አሮጌውን ተከትሎ ይወጣል። ይህን የሚመስል ነገር በሰውም ዘንድ፣ ይልቁንም በስፖርት ቡድን ውስጥ፣ አልፎ አልፎ ይታያል። ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሐፍ ልጽፍ የመረጥሁት ታሪክ ከነዚህ አንዱ ነው፤ ይኸውም አሜሪካዊው ቢስክሌተኛ ላንስ አርምስትሮንግ ከውድድር ተሰናብቶ ከሦስት ዓመት በኋላ በመመለሱ በባልደረቦቹ ላይ የደረሰው ነገር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተቆጠሩ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ የቢስክሌት ውድድር ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በመንገድ ዳር ቆሞ የሚመለከት ሰው እያንዳንዱ ጋላቢ ለራሱ ብቻ የሚሽቀዳደም ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከፊት የሚሄደው ነፋሱን በደረቱ ይገፋል፤ ከኋላው ተጠግቶ የሚከተለው ደግሞ ከድካሙ ሲሶ ያህሉ ይቀርለታል። ስለዚህ ቱር ደ ፍራንስን በመሰለ ታላቅ ውድድር አንድ ቡድን ከጋላቢዎቹ አንዱን አለቃ አድርጎ ይመርጥና የቀሩት እርሱን ያገለግላሉ። ነፋስ ይከልሉለታል፤ ውሃ ያመላልሱለታል፤ ጎማው ቢተነፍስ የራሳቸውን ይሰጡታል። በ2009 እያንዳንዱ ቡድን ዘጠኝ ጋላቢዎች ነበሩት፤ መንገዱም በ21 የዕለት ጉዞ ተከፍሎ ከ3,400 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። እንግዲህ አንዱ ቢጫውን ማልያ ለብሶ ፓሪስ ሲገባ የስምንቱ ባልደረቦቹ ላብም በማልያው ውስጥ አለ ማለት ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

አርምስትሮንግ በ1971 በቴክሳስ ተወለደ። በ1993 ኦስሎ ከተማ ላይ በተደረገው ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በጥቅምት ወር 1996 የዘር ፍሬ ካንሰር እንደ ያዘው ታወቀ፤ በሽታውም ወደ ሳንባውና ወደ አንጎሉ ተዛምቶ ነበር። በሕክምና ድኖ ወደ ውድድር ከተመለሰ በኋላ ከ1999 እስከ 2005 ድረስ በተከታታይ ሰባት ጊዜ የቱር ደ ፍራንስ አሸናፊ ተባለ። በዚህ ጊዜ ሁሉ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ቤልጅጋዊው ዮሃን ብሩይኔል ነበር፤ በሰባቱም ድል ከአጠገቡ ያልተለየ ባልደረባው ደግሞ ጆርጅ ሂንካፒ ብቻ ነው። በሐምሌ 2005 አርምስትሮንግ ሰባተኛውን ድል አክብሮ ተሰናበተ። ሕመምተኞችም ጤነኞችም መጽሐፉን እያነበቡ በስሙ ይጽናኑ ነበር።

ሰው ከስፍራው ሲነሣ ስፍራው ባዶ ሆኖ አይጠብቀውም። ብሩይኔል በ2007 አንድ እስፓኛዊ ወጣት፣ አልቤርቶ ኮንታዶርን፣ ይዞ ቱር ደ ፍራንስን አሸነፈ። ኮንታዶርም የሞትን ደጅ ያየ ሰው ነበር፤ በ2004 በውድድር መካከል ራሱን ስቶ ወድቆ አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ብሩይኔል በካዛኽስታን ገንዘብ ወደሚተዳደረው አስታና ወደ ተባለው ቡድን ሲዛወር ኮንታዶርም አብሮት ሄደ። በ2008 አስታና በቱር ደ ፍራንስ እንዳይሳተፍ ቢከለከልም ኮንታዶር የኢጣልያንና የእስፓኝን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት አሸነፈ። በእስፓኙ ውድድር ሁለተኛ የወጣው አሜሪካዊው ባልደረባው ሌቪ ላይፕሃይመር ነበር።

ኮንታዶር በዚሁ በእስፓኝ ውድድር ላይ ሳለ፣ መስከረም 9 ቀን 2008፣ አርምስትሮንግ ወደ ግልቢያ እንደሚመለስ አስታወቀ። ምክንያቱም ካንሰርን ስለ መዋጋት ዓለምን ለማንቃት መሆኑን ተናገረ። የሚገባበት ቡድን ግን የቀድሞው ሥራ አስኪያጁ የብሩይኔል ቡድን አስታና ሆነ። ኮንታዶር ወሬውን በሰማ ጊዜ ሁለተኛ ሆኖ እንዲያገለግል የሚያስገድዱት ከሆነ ቡድኑን እስከ መልቀቅ እንደሚያስብ ገለጸ። በመጨረሻ ግን ቀረ። እንዲህ ሆኖ አንድ ቡድን ሁለት አለቃ ይዞ ወደ 2009 ዓመት ገባ፤ አንዱ 37 ዓመት የሞላው ባለ ታላቅ ስም፣ ሁለተኛው ገና 26 ዓመቱ የሆነ ባለ ብርቱ እግር።

ውድድሩ በሐምሌ 4 ቀን ከሞናኮ ተነሣ። በሦስተኛው ቀን፣ ወደ ላ ግራንድ ሞት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ነፋስ የጋላቢዎቹን ጭፍራ ከሁለት ቆረጠው። አርምስትሮንግ ከፊተኞቹ ጋራ ነበር፤ ኮንታዶር ከኋላ ቀረ። አሁን ከፊት የነበሩት ሁለት ባልደረቦች፣ ዩክሬናዊው ፖፖቪችና እስፓኛዊው ሱቤልዲያ፣ ምን ያድርጉ? ቢጎትቱ ኮንታዶርን ይጎዱታል፤ ቢያዘገዩ አርምስትሮንግን ያስቀሩታል። እነርሱም ጎተቱ፤ ኮንታዶር 41 ሰከንድ አጣ። አገልጋይ ሁለት ጌታ ሲኖረው አንዱን ማስቀየሙ የማይቀር መሆኑ በዚያ ቀን በግልጽ ታየ።

በማግሥቱ ግን ዘጠኙ በኅብረት በሰዓት የሚለካውን የቡድን ግልቢያ አሸነፉ። አርምስትሮንግ ቢጫውን ማልያ ያጣው ከመቶ የሰከንድ ክፍል በ22ቱ ብቻ ነበር። በአንድ ልብ ሲጋልቡ የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ ይህ አንድነት ግን ብዙ አልቆየም። ወደ አንዶራ ተራራ ሲወጡ ኮንታዶር ማንንም ሳይጠብቅ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሐምሌ 19 ቀን በስዊዘርላንድ ወደ ቬርቢዬ በሚያወጣው ዳገት ላይ ደግሞ ሁሉን ጥሎ አሸነፈና ቢጫውን ማልያ ለበሰ። አርምስትሮንግ በዚያ ቀን ከደቂቃ ተኩል በላይ ተቀደመ፤ ከባልደረባው የሚበልጠው ኮንታዶር መሆኑንም አምኖ ለእርሱ እንደሚያገለግል ተናገረ። ይህን ማለቱ የሚመሰገንበት ነው።

ነገር ግን ጥላቻው አስቀድሞ ሥር ሰድዶ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ በኮሎምቢዬ ዳገት ላይ ኮንታዶር እንደገና ፈጥኖ ሲወጣ ተቀናቃኞቹ የሉክሳምቡርግ ወንድማማቾች ሽሌኮች ተከተሉት፤ አብሮት የነበረው ባልደረባው ጀርመናዊው አንድሬያስ ክሎደን ግን መከተል ተስኖት ቀረ። ክሎደን በ2004 በዚሁ ውድድር ሁለተኛ የወጣ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን ከሦስቱ አሸናፊዎች አንዱ የመሆን ተስፋው ተቆረጠ፤ በመጨረሻም ስድስተኛ ሆነ። ላይፕሃይመርም ቀደም ብሎ አንጓው ተሰብሮ ወደ ቤቱ ተመልሶ ነበር። ፓሪስ ሲደርሱ ኮንታዶር አንደኛ፣ አንዲ ሽሌክ ሁለተኛ፣ አርምስትሮንግ ሦስተኛ ሆኑ፤ አስታናም የቡድኖችን ሽልማት ወሰደ። በወረቀት ላይ ይህን የመሰለ ድል አይገኝም። ይሁን እንጂ ኮንታዶር አገሩ እንደ ገባ ለአርምስትሮንግ አድናቆት ኖሮት እንደማያውቅ በአደባባይ ተናገረ። አርምስትሮንግ በበኩሉ አዲስ ቡድን አቆመ፤ ብሩይኔል፣ ላይፕሃይመር፣ ክሎደን፣ ፖፖቪችና ሱቤልዲያ ሁሉም እርሱን ተከትለው ከአስታና ወጡ። ንቡ ከሁለት ተከፈለ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ የሁለት ብርቱዎች ፉክክር ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ከዚህ የሚበልጠው ግን በቀድሞዎቹ ባልደረቦች ላይ የደረሰው ነው። ከ2002 እስከ 2004 አርምስትሮንግን ያገለገለው ፍሎይድ ላንዲስ በ2006 ቱር ደ ፍራንስን ካሸነፈ በኋላ የተከለከለ መድኃኒት መውሰዱ በምርመራ ተገኝቶ ድሉን ተነጥቆ ነበር። በግንቦት 2010 ላንዲስ ለብዙ ጊዜ የካደውን ጥፋቱን አመነና አርምስትሮንግም ሌሎቹም እንደዚሁ ያደርጉ እንደ ነበር ገለጸ። አርምስትሮንግ ካደ፤ በ2011 መጀመሪያም ለሁለተኛ ጊዜ ተሰናበተ። የአሜሪካ የፀረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት ግን ምርመራውን ቀጠለ። በጥቅምት 2012 ድርጅቱ ባወጣው ዝርዝር ውሳኔ 26 ሰዎች መስክረዋል፤ ከነርሱም 11ዱ የአርምስትሮንግ ባልደረቦች የነበሩ ናቸው። ሂንካፒና ላይፕሃይመር ከመስካሪዎቹ መካከል ነበሩ። እነርሱም የራሳቸውን ጥፋት ስለ ተናገሩ የስድስት ወር እገዳ ተቀበሉ። አርምስትሮንግ ከነሐሴ 1998 ወዲህ ያገኘው ውጤት ሁሉ ተሰረዘ፤ ሰባቱ ድሎችም፣ የ2009 ሦስተኛነቱም ሄዱ፤ ዕድሜ ልኩንም ታገደ። ኮንታዶርም ከነቀፋ አልዳነም፤ የ2010 ድሉ ክሌንቡተሮል የተባለ የተከለከለ ነገር በሽንቱ በመገኘቱ በ2012 ተሰርዟል።

በጥር 2013 አርምስትሮንግ በቴሌቪዥን ቀርቦ ለኦፕራ ዊንፍሬይ ጥፋቱን አመነ። በመመለሱ ይጸጸት እንደ ሆነ ስትጠይቀው እንደሚጸጸት ነገራት፤ ባይመለስ ኖሮ በዚያ ወንበር ላይ እንደማይቀመጥም ተናገረ። በዚህ አነጋገሩ ብዙ ቆም ብዬ አሰብሁ። የሰባቱ ዓመት ምስጢር በባልደረቦቹ ዝምታ ተከድኖ ነበር፤ እርሱ ተመልሶ ባይቀሰቅሰው ምናልባት ከነክዳኑ በቆየ ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ጸጸት ትክክለኛው ጸጸት አይመስለኝም። ሊጸጸትበት የሚገባው መመለሱ ሳይሆን ሲመለስ ይዞት የመጣው ውሸት ነው።

ስለ ሂንካፒና ስለ መሰሎቹ ግን መፍረድ ይከብዳል። ለወዳጃቸው ነፋስ ከልለዋል፤ ውሃ ተሸክመዋል፤ በመጨረሻም ምስጢር ተሸክመዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የባልደረባ ግዴታ ናቸው። ሦስተኛው ግን ወዳጅነት ይመስላል እንጂ ወዳጅን የሚያጠፋ ሸክም ነው፤ ተሸካሚውንም ያጎብጠዋል። ቀድሞ አንድ ሰው «ይህ አይሆንም» ብሎት ቢሆን ኖሮ አርምስትሮንግ ሰባት ድል ላያገኝ ይችል ነበር፤ ያገኘው ግን የራሱ ሆኖ ይቀርለት ነበር።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ የምንማረው አለ። በእግር ኳስ ሜዳም ሆነ በፈተና አዳራሽ ጓደኛችንን ማገዝ መልካም ነው፤ ጥፋቱን መሸፈን ግን እርዳታ አይደለም። የቆየውም ትልቅ ሰው ወደ ተወው ስፍራ ሲመለስ በዚያ የተተካውን ወጣት ሊያይና ሊያከብር ይገባዋል። በዚያ በነፋሱ ቀን በላ ግራንድ ሞት መንገድ ላይ የጎተቱት ሁለት ሰዎች የሁለት አለቃ ሸክም ወድቆባቸው ነበር። ነገ በየሥራው አለቃ የምንሆን ሰዎች ከኋላችን የሚጋልቡትን እንዲህ ካለው መንታ መንገድ ላይ እንዳናቆማቸው እንጠንቀቅ።