የመርከብ ወንድሞች ማዕድ

ማዕድ ባዳን እንዴት ዘመድ እንደሚያደርግ ከሩቅ አገር ታሪክ ጥቂት እናጫውታችሁ።

እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ባርነትን ከሻሩ በኋላ ለሸንኮራ እርሻቸው ሠራተኛ ፍለጋ ፊታቸውን ወደ ህንድ አዞሩ። «ፋቴል ራዛክ» የተባለችው መርከብ የመጀመሪያዎቹን ህንዳውያን የኮንትራት ሠራተኞች በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው ወደ ትሪኒዳድ ደሴት ያደረሰችው እ.ኤ.አ. በ1845 ነበር። እስከ 1917 ድረስ ከ140,000 በላይ ሰው ገባ።

ብዙዎቹ ባገራቸው ሳሉ በዘር ደረጃ ተለያይተው ካንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። መርከብ ላይ ግን ወር በወር ላይ ሲደረብ ሩዙም ምስሩም ካንድ ድስት ሆነ። አብረው የተሳፈሩትም «ጀሃጂ ባሂ»፣ ማለትም «የመርከብ ወንድሜ» ይባባሉ ጀመር። ልጆቻቸው እንኳ እንደ ሥጋ ዘመድ ተቆጥረው መጋባታቸው እንደ ነውር ይታይ ነበር።

የልጅ ልጆቻቸው የቦጅፑሪ ቋንቋቸውን እየረሱ ቢሄዱም ምግቡን አልረሱም። በዘይት በተጠበሰ ሁለት ቂጣ መሐል የሽምብራ ወጥ የሚደረግበትን «ደብልስ» ዛሬ ህንዱም ጥቁሩም ጧት ጧት መንገድ ዳር ቆሞ ይበላዋል።

በኀዘን ቤት ንፍሮ አብረን ለምንቆረጥም ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ ጎረቤት ሲመጣ «አገርህ ወዴት ነው?» ከማለታችን በፊት «እንብላ» እንበለው። ዝምድናው ከዚያ ይጀምራል።