ባለ ጥቁር ጎፈሩ አንበሳ በአዲስ አበባ፦ ውሎውና ወቅቶቹ

አየሩ ጸጥ ካለ የአንበሳ ግሳት እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቆ ይሰማል። ከስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ በልደታ ክፍለ ከተማ እስከሚገኘው ጌጃ ሰፈር ያለው ርቀት በቀጥታ ሲለካ ከዚህ ያንሳል። ርቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ የጌጃ ሰፈር ሰው ጎሕ ሳይቀድ አንበሳ ሲያገሳ በሰማ ነበር፤ በመካከል ያለው ሕንጻና የመኪና ጩኸት ግን ድምፁን ይውጠዋል። ስለዚህ አብዛኛው የከተማዋ ነዋሪ አንበሳን የሚያውቀው በዐይኑ እንጂ በጆሮው አይደለም። በዐይኑ ሲያየውም ብዙ ጊዜ ተኝቶ ነው። ልጆቹን ይዞ የመጣ ወላጅ ከአጥሩ ፊት ቆሞ «ተነሥ እንጂ!» ይላል፤ ባስ ሲልም ጠጠር የሚወረውር አይጠፋም። እንስሳው ግን ሰንፎ ወይም ታሞ አይደለም፤ ጎብኚው የመጣው በእንቅልፉ ሰዓት ነው።

አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የግቢው አንበሶች የዘር ሐረግ ከ5 ወንዶችና ከ2 ሴቶች እንደሚነሣ ይነገራል። መስከረም 29 ቀን 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተመረቀው አንድነት ፓርክም ባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶችን ለሕዝብ እይታ አቅርቧል። ሁለቱም ስፍራዎች ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። አብዛኛው የአፍሪካ የዱር አንበሳ ቆላ ወዳድ ነውና፣ የአዲስ አበባው አንበሳ የደጋ ኑሮ የሚኖር የቆላ አውሬ ነው ማለት ይቻላል።

የዱር አንበሳ ከ24 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 ሰዓት የሚደርሰውን በእረፍት ያሳልፋል። አደኑም ሆነ የግዛት ጥበቃው በአመዛኙ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ማለዳ ባለው ጊዜ ይከናወናል፤ ግሳቱም የሚበዛው ከንጋት በፊት ነው። በዚያ ሰዓት አየሩ ቀዝቃዛና የረጋ ስለሆነ ድምፅን አርቆ ይወስዳል። በአጥር ውስጥ ግን ሌላ ሰዓት ቆጣሪ ይመጣል፤ እርሱም ምግብ ነው። ሥጋ በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚሰጠው አንበሳ ሰዓቱ ሲቃረብ ከእንቅልፉ ይነሣል፣ በአጥሩ ዳር ይመላለሳል። ጎብኚውም «ነቃ!» ብሎ ይደሰታል። ምልልሱ ከምግብ ሰዓት ውጪ ያለማቋረጥ ከቀጠለ ግን የሚያስደስት ምልክት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በዱር ሰፊ ግዛት የሚያካልሉ ሥጋ በል እንስሳት በማቆያ ሲኖሩ ይበልጥ እንደሚመላለሱና ግልገሎቻቸውም ይበልጥ እንደሚሞቱባቸው አሳይቷል። በሆለታ አቅራቢያ በቦርን ፍሪ ድርጅት የሚተዳደረው «እንሰሳ ኮቴ» የተባለው የዱር እንስሳት ማገገሚያ 77 ሄክታር ላይ ማረፉ ከዚህ አንጻር ሲታይ ቅንጦት አይደለም።

በማቆያ የሚኖር ጎልማሳ አንበሳ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 7 ኪሎ ግራም ሥጋ ይበቃዋል። የዱሩ ዘመዱ በአንድ ማዕድ እስከ 40 ኪሎ ግራም ሊበላና ከዚያ በኋላ ለቀናት ያለ ምግብ ሊቆይ ይችላል። ይህን ተፈጥሮ በመከተል ብዙ የዓለም ማቆያዎች በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ሥጋ አይሰጡም፤ ረቡዕና ዓርብን ባይጠብቅም አንበሳም ይጾማል። የሥጋው ዓይነትም ከመጠኑ ባላነሰ ሁኔታ ወሳኝ ነው። አጥንት የሌለው ቀይ ሥጋ ብቻ እየበላ የሚያድግ ደቦል በካልሲየም እጥረት አጥንቱ ይሳሳል፣ ይጣመማልም።

ወቅቶቹ ሲለዋወጡ የእንስሳው ውሎ አብሮ ይለወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ለተንከባካቢዎች ከባዶቹ ወራት ናቸው። ቅዝቃዜ ብቻውን ጤነኛ አንበሳን እምብዛም አይጎዳውም፤ የሚያስቸግረው እርጥበት ነው። የማይደርቅ የሲሚንቶ ወለል መዳፉን ያቆስላል፤ ጭቃና የቆመ ውኃ ደግሞ ጥገኛ ተሕዋስያንን ያራባሉ። ስለዚህ በክረምት ከፍ ያለ ደረቅ መኝታና ዝናብ የማያስገባ ጣሪያ ከሥጋው እኩል አስፈላጊ ይሆናሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀኑ ግን ጥርት ያለ ፀሐይ ነው። በእነዚህ ወራት ማለዳ ላይ የሚመጣ ጎብኚ አንበሳውን ፀሐይ ሲሞቅ ሊያገኘው ይችላል። የካቲትና መጋቢት ላይ ሙቀቱ ሲጨምር ጥላ ፍለጋው ይጀመራል።

የደጋው ቅዝቃዜ በአንበሳው ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ ጎልቶ የሚታየው በጎፈሩ ነው። የአዲስ አበባው ወንድ አንበሳ ጥቁር ጎፈር ከራሱና ከአንገቱ አልፎ በደረቱ በኩል እስከ ሆዱ ይወርዳል። በታንዛኒያው ሴሬንጌቲ የተደረገ ጥናት ጥቁር ጎፈር ሴቶችን እንደሚማርክና ተቀናቃኝ ወንዶችን እንደሚያስፈራ፣ በአንጻሩ ግን ባለቤቱን በሙቀት እንደሚያስጨንቀው አረጋግጧል። በቆላ ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ይህ ካባ በአዲስ አበባ ብርድ ሸክም አይሆንም። በአሜሪካ ማቆያዎች የተደረገ ሌላ ጥናትም በቀዝቃዛ አካባቢ የሚያድጉ አንበሶች ጎፈራቸው ይበልጥ እንደሚረዝምና እንደሚጠቅጥቅ አሳይቷል። ታዲያ የስድስት ኪሎዎቹ አንበሶች ልዩ መልክ የአየሩ ሥራ ብቻ ነው? እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ የሆነ የዘረ መል ምርምር ከግቢው 15 አንበሶች ናሙና ወስዶ ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች ጋር ሲያነጻጽር፣ በዘራቸውም የተለዩ ሆነው አግኝቷቸዋል። ጎፈሩን ብርዱ አጎልምሶት ሊሆን ይችላል፤ የዘሩን ልዩነት ግን ብርዱ አላመጣውም።

ከዱሩ ጋር ማነጻጸር ለሚፈልግ ምሳሌው በአማራ ክልል ምዕራብ ጎንደር ዞን አለ። በሱዳን ድንበር ላይ ከሚገኘው ከአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ የአንበሶች ፎቶግራፍ በድብቅ ካሜራ ተገኝቶ በዓለም የዜና አውታሮች ተሠራጭቷል። በወቅቱ የቀረበው ግምት በአላጥሽ ከ27 እስከ 54፣ ከሱዳኑ ዲንደር ጋር ተደምሮ ደግሞ ከ100 እስከ 200 አንበሶች ሊኖሩ ይችላሉ የሚል ነበር። እዚያ የአንበሳው ዓመት በውኃ ይመራል። በበጋ ወንዞች ሲደርቁ ታዳኝ እንስሳት በቀሩት ኩሬዎች ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ አንበሳውም አጠገባቸው ይከርማል። ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ሲረዝምና ውኃ በየቦታው ሲገኝ ታዳኙ ይበተናል፣ አዳኙም ብዙ መጓዝ ይኖርበታል። የአዲስ አበባው አንበሳ ይህ ሁሉ ድካም ቀርቶለታል፤ ከድካሙ ጋር ግን ቀኑን የሚሞላበት ሥራም ቀርቶበታል።

አንድ ነገር ብቻ በአጥሩ ምክንያት አልቀረም፤ እርሱም መራባት ነው። አንበሳ የተወሰነ የመራቢያ ወቅት የለውም። እርግዝናው 110 ቀን ያህል ብቻ ይወስዳል፤ ሴቷም በአብዛኛው ከ2 እስከ 4 ደቦል ትወልዳለች። ደቦሎቿ ከተለዩዋት ወይም ከሞቱባት ብዙ ሳትቆይ እንደገና ለመፀነስ ትዘጋጃለች። በዱር ከደቦሎቹ ብዙዎቹ ለአቅመ አንበሳ ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ በማቆያ ግን የሚተርፈው ይበዛል፣ ቦታው ግን አይሰፋም። ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ኅዳር 1999 ዓ.ም. ላይ ታይቷል። በዚያ ወቅት በስድስት ኪሎ ቦታና በጀት በማጠሩ ምክንያት ደቦሎች በመርዝ እንደሚገደሉና በድናቸው የእንስሳትን ቆዳ ሞልተው ለጌጥ ለሚያዘጋጁ ባለሙያዎች እንደሚሸጥ ዓለም አቀፍ የዜና ተቋማት ዘግበው ነበር። ከስድስት ዓመት በኋላ የዘረ መል ምርምሩ ውጤት ሲወጣ፣ ተመራማሪዎቹ የመከሩት እነዚሁን አንበሶች በዕቅድ ማራባትን ነው።

በዕቅድ ማራባት ማለት የትኛው ወንድ ከየትኛዋ ሴት ጋር እንደሚገናኝ፣ መቼና ስንት ጊዜ እንደምትወልድ በዘር መዝገብ እየተከታተሉ መወሰን ነው። ጥቂት ወላጆች ባሉበት መንጋ ይህ ካልተደረገ የቅርብ ዘመዳሞች ርቢ አይቀሬ ነው። ልደትን ለማዘግየት ብዙ ማቆያዎች የሆርሞን መከላከያ ይጠቀማሉ፤ ወንድን ማኮላሸትም ሌላው መንገድ ነው። ነገር ግን የወንዱ ሆርሞን ሲቀንስ ጎፈሩ ይረግፋል። ስለዚህ የባለ ጥቁር ጎፈር አንበሶች ተንከባካቢ መከላከያውን ለሴቶቹ መስጠት፣ አለዚያም ወንዶቹን ለይቶ የሚያኖርበት ተጨማሪ ግቢ ማዘጋጀት ይኖርበታል።