የመተማ ምስክሮች በአሮጌ መጽሐፍ ገበያ

መተማ «ዮሐንስ» የሚለውን ቅጥያ ያገኘችው ከአንድ ንጉሥ ሞት ነው። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የሱዳኑ መሐዲ ተከታዮች የሆኑትን የደርቡሾችን ምሽግ ሰብሮ ድሉን ሊጨብጥ ተቃርቦ ሳለ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥይት ቆሰሉ፤ በማግሥቱ ዐረፉ። ጦሩ ተፈታ። አስከሬኑን ይዘው በሚመለሱት ላይ ደርቡሾች አትባራ ወንዝ ዳር ደረሱባቸው። የንጉሡ አጎት ራስ አርአያ አስከሬኑን አላስነካም ብለው እዚያው ወደቁ። የንጉሡ ራስ ተቆርጦ ወደ ደርቡሾቹ ዋና ከተማ ወደ ኦምዱርማን ተላከ።

ያን ጊዜ ኦምዱርማን ውስጥ በምርኮ ከነበሩት አውሮፓውያን ሁለቱ ኋላ አምልጠው መጽሐፍ ጻፉ። ቄስ ዮሴፍ ኦርቫልደር «አሥር ዓመት በመሐዲው ሰፈር በምርኮ» የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1892 አሳተሙ። የዳርፉር ገዥ የነበረው ሩዶልፍ ስላቲን እ.ኤ.አ. በ1895 አመለጠና በዓመቱ «እሳትና ሰይፍ በሱዳን» ወጣ።

እውነተኛ የወንጀል ታሪክ የሚወድ አንባቢ የስላቲንን መጽሐፍ ቢጀምረው የሚያስቀምጠው አይመስልም። ጸሐፊው በሰንሰለት ታስሮ ሳለ የእንግሊዛዊው ጄኔራል ጎርደን የተቆረጠ ራስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀርብለት ያየ ሰው ነው።

ይህን መጽሐፍ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የሚገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዓይኑን መክፈት አለበት። ሙሉው የመጀመሪያ እትም ከ600 ገጽ በላይ የሆነ ዳጎስ ያለ ጥራዝ ነው፤ ለብዙኃኑ ተብሎ የወጣው ርካሽ እትም ግን አጥሮ የተዘጋጀ ነው። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አንድ ነውና አዟሪው ሁለቱን ባይለይ አይፈረድበትም። ስለዚህ ገጹን መቁጠር ይበጃል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ሱዳን ውስጥ ከሸንዲ ፊት ለፊት፣ በዓባይ ዳር ሌላ መተማ አለች። በ1885 እ.ኤ.አ. ጎርደንን ለማዳን የተላከው የእንግሊዝ ጦር የደረሰባት እሷ ነች። የእኛዋን የሚፈልግ ሰው «ገላባት» በሚለው ስም ቢያስስ ይሻላል፤ የዚያ ዘመን አውሮፓውያን ውጊያውን የገላባት ውጊያ ይሉታልና። ገላባት ዛሬ ከድንበሩ ማዶ፣ ከመተማ ፊት ለፊት ያለችው የሱዳን ከተማ ናት።

ከሁሉ የሚከብደው የሦስተኛው ሰው ጉዳይ ነው። የኦርቫልደርን ማስታወሻ ያዘጋጀው፣ የስላቲንንም ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሬጂናልድ ዊንጌት ሲሆን፣ እሱም የግብጽ ጦር የስለላ ክፍል ኃላፊ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ሱዳንን ለመያዝ የሚሹ እንግሊዞች ሰበብና ድጋፍ ይፈልጉ ነበር። ምስክሮቹ ያዩትን አይተዋል፤ ቃላቸውን የመዘገበው መርማሪ ግን የራሱ ጉዳይ ነበረው። በ1896 እ.ኤ.አ. የስላቲን መጽሐፍ ሲወጣ የግብጽ ጦር አዛዥ የነበረው የእንግሊዛዊው ኪችነር ጦርም ሱዳንን ለመያዝ ወደ ዶንጎላ ተነሣ።

ኦምዱርማን በ1898 እ.ኤ.አ. ወደቀች። በዓመቱ ዊንጌት የሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆነ፤ የቀድሞውን ምርኮኛ ስላቲንንም ዋና ተቆጣጣሪ አድርጎ አጠገቡ አስቀመጠው። በ1902 እ.ኤ.አ. ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል ድንበሩ ሲሰመር ገላባት ለሱዳን፣ መተማ ለእኛ ሆነች።