ከመማሪያ ክፍል ውጭ ስለሚገኝ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ ልጅህ ኮሌጅ በገባ ጊዜ ምን ብለህ መከርኸው? ብዙዎቻችን «ከደብተርህ በቀር ሌላ አትመልከት፤ ማኅበርና ክርክር እንጀራ አይሆንህም» እንላለን። ምክሩ ከፍቅርና ከሥጋት የመነጨ ስለ ሆነ አይነቀፍም። ነገር ግን የአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ታሪክ የሚመሰክረው ሌላ ነውና፣ እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ መለስ ብለን እንመልከት።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ማስተማር የጀመረው በ1943 ዓ.ም. ነው። ከልዩ ልዩ ጠቅላይ ግዛት የመጡት ተማሪዎች በአንድ ግቢ ይኖሩ ስለ ነበር፣ ከትምህርቱ ጎን ለጎን ማኅበራትን አቋቋሙ። ከእነዚህም አንዱ የሕዝብን ባህልና ልማድ የሚያጠና ማኅበር ነበር። ማኅበሩን ካበረቱት ሰዎች አንዱ ፖላንዳዊው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ስታኒስላው ሆይናትስኪ ነበሩ።

የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነበር። ተማሪው የትውልድ አገሩን የሠርግ፣ የለቅሶ ወይም የእርሻ ልማድ፣ የሚያውቀውንና ከሽማግሌ ጠይቆ የተረዳውን፣ በጽሑፍ ያቀርባል። ከእነዚህም ጽሑፎች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1953 እስከ 1961 ድረስ መጽሔት ታተመ። በዚያው ዘመን በኮሌጁ የባህል ዕቃ መሰብሰብ ተጀመረ። በ1963 በዚሁ አቆጣጠር የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲመሠረት፣ ሪቻርድ ፓንክኸርስት ዲሬክተር፣ ሆይናትስኪም የቤተ መጻሕፍቱና የሙዚየሙ ኃላፊ ሆኑ። ዛሬ በስድስት ኪሎ የሚጎበኘው ሙዚየም ሥሩ ከዚያ ከትንሹ ኮሌጅ ዘመን ይመዘዛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ይህ ነው።

ምናልባት «እኔ የምፈራው ሌላ ማኅበር ነው» ትል ይሆናል። እውነት አለህ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ ሄዱ፤ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ደግሞ የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ከዚያም በኋላ ብዙ ወላጅ ልጁን አጥቷል። ይህን ሐዘን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ሆኖም በሩን ዘግቶ ያጠና ተማሪም ከዘመኑ አልተሰወረም። ይልቁንስ ልጁ ሐሳቡን በሥርዓት መናገርን፣ የማይስማማበትን ሰው ታግሦ መስማትን፣ የሚተባበረውን መርምሮ መምረጥን የሚማረው የት ነው? በመጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

ይህን የሚጽፈው ሰው ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤት የገባ ነው። በሥራ ላይ እንዳየሁት፣ ቃለ ጉባኤ አስተካክሎ የሚጽፍ፣ ስብሰባ ሳይቆጣ የሚመራ፣ የጋራ ገንዘብ በታማኝነት የሚጠብቅ ሠራተኛ ብዙ ጊዜ ይህን የለመደው በተማሪነቱ በትንሽ ማኅበር ውስጥ ነው።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፤ ልጅህ ለዕረፍት ሲመጣ ስንት ነጥብ እንዳገኘ ጠይቀው፤ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቀጥለህ «ከጓደኞችህ ጋር ምን ሠራችሁ?» በለው። የሚመልሰው ቢያጣ፣ ስለ አያቱ መንደር ልማድ አንድ ገጽ እንዲጽፍ ንገረው። ሙዚየሙም የተጀመረው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።